በማኅተም የላክሁት ሐዘን

ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

የሚኒባሱ ሾፌር መንገዱ ክፍት መሆኑን በስልክ ሳያረጋግጥ ሞተር አላስነሳም። ዘንድሮ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሁሉ እንዲህ ነው። ጋቢና ተቀምጫለሁ፤ እግሬ ሥር አንድ ብርድ ልብስና ሁለት ኪሎ ስኳር አለ። በሦስት አገር ኤምባሲዎች ስሠራ ኖሬ በጡረታ የተመለስሁ ሰው ነኝ። የምሄደው አምበር፣ ታላቅ ወንድሜን አያ ሙላትን ይቅርታ ልጠይቅ ነው።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ዓባይ በረሃ

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እየወረድን ነው። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ ከኋላ አንዲት ሴት ታስመልሳለች። ሾፌሩ ውጭ አገር ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። ደብዳቤ እጽፍ ነበር ብለው ሳቀ፤ የቀለድሁ መሰለው። እውነቴን ነው። ለማላውቀው ሹም ሞት ጥቁር ክራባት አስሬ የሐዘን መዝገብ ላይ ስፈርም ኖሬያለሁ።

እናታችን በሕፃንነቴ ስትሞት ያሳደገችኝ የወንድሜ ሚስት፣ እትዬ ጥሩነሽ ናት። ከአራት ዓመት በፊት እሷ ስታርፍ ከአገር ቤት የሚመጡ ባለሥልጣናትን ለመቀበል ላይ ታች እል ነበር። ጸሐፊዬ የተለመደውን የሐዘን ደብዳቤ ስሟን አስገብታ አመጣችልኝ። ሳላነበው ፈረምሁ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ሄደ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቀትር፣ ሉማሜ

ሻይና ትኩስ ዳቦ። አግዳሚው ላይ አብረውኝ የተቀመጡ እናት ወዴት እንደምሄድ ጠይቀውኝ ነገርኋቸው። ቀድሜ እንድደውል መከሩኝ፤ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው እንዲሰበሰብ።

«ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ዝም ብሎ ዘው አይልም ልጄ። ከደጅ ጀምሮ ነው የሚያለቅሱት።»

አልደወልሁም። አትምጣ ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

ከቀኑ 8 ሰዓት፣ አምበር

ከአስፋልቱ ወርጄ በጤፍ ማሳ መሃል ባለች ቀጭን መንገድ ሄድሁ። አያ ሙላት ደጁ ላይ ሞፈር ይጠርባል። ሸብቷል። ከሩቅ ጀምሬ ላለቅስ ነበር ሐሳቤ፤ ድምፄ አልወጣ አለ። ቀርቤ ግብዣ ላይ እንዳለ እንግዳ እጄን ዘረጋሁ። እጄን አየት አድርጎ ጨበጠኝ።

ግንድ ላይ ተቀመጥን። ደብዳቤውን ልቅሶው ላይ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር ቆሞ እንዳነበበው ነገረኝ። «ኤምባሲው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል» ሲል ሰው ሁሉ የሚቀጥለውን ይጠብቅ ነበር። የሚቀጥል አልነበረውም።

«ይቅር በለኝ፣ አያ» አልሁት።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። ግን ታማ ተኝታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደወለ ወይ ትለኝ ነበር። ደውሏል፣ ሰላም ብሎሻል እላታለሁ። ለዚያ ውሸቴ ንስሐ ገብቼ ጾሜን ጾምሁ፤ ስግደቴን ሰገድሁ። ያንተን ግን እንዴት አድርጌ ልስገድልህ?»

ያኔ ነው ድምፄ የወጣው። እትዬ፣ እትዬ እያልሁ መሬት ላይ ወደቅሁ። አያ ሙላት አላነሳኝም፤ አጠገቤ ተቀምጦ እሱም ያለቅስ ጀመር። ጩኸታችንን የሰሙ ጎረቤቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ከየማሳው መጡ። አንዲት ባልቴት ደንግጠው ማን ሞተ ብለው ጠየቁ።

«ጥሩነሽ» አላቸው ወንድሜ። «ልጇ አሁን ገና ሰማ።»