ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያመነታው አህጉር

አክስቴ በየማለዳው ከኪሷ ንጹህ ጨርቅ ታወጣና ኮረብታው ላይ ያለውን ነጭ ጉልላት ትወለውላለች። ዙሪያውን ሁለቴ፣ አናቱን አንዴ። ጉልላቱ በቀጭን የብረት ምሰሶ ላይ የተደፋ ሳህን ይመስላል፤ ውስጡ ያለው አንቴና ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ምሰሶው በትክክል የት እንደቆመ በየቀኑ ይመዘግባል። አክስቴ የዚህ መለኪያ ጣቢያ ጠባቂ ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«ብረቱ ደህና አደረ?» ይሏታል ጎረቤቶቿ።

«ከእናንተ ይሻላል፣ አያንኮራፋም።»

አንድ ቀን ልኬቱን የሚከታተለው የመሬት ባለሙያ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ፊቱ አልተፈታም።

«እትዬ፣ ምሰሶውን የሚነካ ሰው አለ?»

«ኧረ ማን ደፍሮ!»

«ስድስት ወር ሆነው፤ ልኬቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዛባል፣ እሑድ ይስተካከላል። ምክንያቱን ካላገኘን ጣቢያውን ልንዘጋው ነው።»

አክስቴ ቅዳሜ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ብትናገር ትባረራለች፤ ዝም ብትል ጣቢያው ይዘጋል፣ እንጀራዋም አብሮ።

«ልጄ» አለች አንገቷን ደፍታ፣ «ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ። የማሰጫዬ ችካል ከተሰበረ ወዲህ የገመዱን አንድ ጫፍ እዚህ ብረት ላይ ነው የማስረው።»

አፍጥጦ አያት። «ብርድ ልብስም ያሰጣሉ?»

«ሁለት።»

መሬት ላይ ዘጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ቢሮ ውስጥ ልንጣላ ምንም አልቀረንም! አንዱማ የምትስበው ጨረቃ ናት ብሎ ድርቅ ብሏል!»

ገመዱን ራሱ ፈታ፤ ራቅ አድርጎም አዲስ ችካል ተከለላት። «ሥራዎ የትም አይሄድም» አለና ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረ። ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ቅዳሜ ላይ ዝቅ ይላሉ።

«ይቺ ብርድ ልብስዎ ናት።»

«ይኼ ሽቅብ የሚወጣውስ?»

«እሱ አህጉሩ ነው።»

የምድር ጠንካራ ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም አላት፤ በግዙፍ ገበታዎች የተከፋፈለ ነው። ከሥራቸው ያለው ዓለት እጅግ ስለጋለ፣ ጠጣር ቢሆንም በብዙ ዘመን እየተሳበ ይፈስሳል። አህጉራትም የባሕር ወለሎችም በገበታዎቹ ላይ ሆነው ይጓዛሉ። ሲራራቁ አዲስ ባሕር ይከፈታል፤ ሲጋፉ ተራራ ይነሳል። ይህ ኮረብታ በዓመት አንድ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይሄዳል፤ እሷ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ከአንድ ስንዝር በላይ ተጉዟል።

አክስቴ አውቶቡስ እንኳ የሚያጥወለውላት ሴት ናት። እግሮቿን አየች።

«እኔ ተኝቼ?»

«ተኝተው።»

«ድስቱ እሳት ላይ እያለ?»

«ከነድስቱ።»

«ጠብታ ሳይፈስ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። መንገዱን፣ የቤቱን ክዳን፣ ማዶ ያሉትን ዛፎች አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። ሁሉም ጸጥ ብሏል። ሁሉም ይሄዳል።

ልጻፈው ወይ ስላት «ብርድ ልብሱንም ጻፊው፣ ይሳቁ» አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ እንድተው ለመነችኝ፤ ልተወው ሞክሬም ነበር። ባለሙያው ኮረብታውን ሲወርድ ተከትላው ሄዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ ብላ ጠይቃው ነበር፤ «ባለቤቴ የተቀበረው ከዚህ ኮረብታ ጀርባ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ስሄድ እሱ ወደ ኋላ ቀረ?»

«የለም እትዬ» አላት። «አብራችሁ ነው የምትሄዱት።»