የ«ይምጡ» ብድር

ባለፈው እሁድ ባለቤቴ የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ክርስትና ነው ብላ ሄንደርሰን ከተማ ይዛኝ ሄዳ፣ ጓሮው ላይ የተነጠፈው የፕላስቲክ ሣር በፀሐይ ግሎ የጎማ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ስጦታዬን እንደታቀፍኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የትምህርት ቤታችን ሜዳ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

እዚያ ሜዳ ላይ የአሜሪካን ፉትቦል ስንጫወት የእኔ ቦታ ከተከላካዮቹ መሃል ነበር። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት አሰልጣኙ ከመስመር ውጭ ሆኖ ጆሮውን እየነካ፣ ሆዱን እየመታ፣ ቁንጫ እንደበላው ሰው እየታከከ ምልክት ይልክልኛል፤ እኔ እሱን አንብቤ እንዴት እንደምንከላከል ለሌሎቹ እጮሃለሁ። ጩኸቱን ግን ባላጋራም ይሰማል። ስለዚህ ከሁላችንም ኋላ ለሚቆመው ለጓደኛዬ ለናቲ ትእዛዙን በአማርኛ አደረግኩለት። «ና» ካልኩት ቦታውን ለቆ እየበረረ መጥቶ ኳስ ወርዋሪውን ይዘርረዋል፤ «ቁም» ካልኩት ኋላችንን ይጠብቃል። የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ የፈታው አልነበረም።

ናቲ ዊትኒ ሰፈር ሳለን ጎረቤቴ ነበር፤ ከእኛ ቤት ማዕድ አይጠፋም። አማርኛው ግን ጉድ ነበር። አባቴን «አንተ»፣ እናቴን «አንቺ» ይላል፤ እነሱም የአሜሪካ ልጅ ነው ብለው ይስቁለታል። አንድ ቀን ምግብ ቤት ገብተን የማናውቃቸው ሽማግሌዎች ለወጉ ያህል «እንብላ» ቢሉት፣ አመስግኖ በማለፍ ፈንታ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከዶሮው ወጥ ላይ የቀረችውን አንዲት እንቁላል አነሳ። አባቴ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ቤተሰቦቹ ወደ ሄንደርሰን ሲሄዱ አልቅሼ ሸኘሁት። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ትምህርት ቤቱ ከእኛ ሲገጥም፣ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ የሚያደርገው አባቴ ኦቨርታይሙን ትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያየኝ መጣ። የናቲን ቦታ ለያዘው ለሜክሲኮው ልጅ ለሄክተር ሁለቱን ቃላት አስጠንቼው ነበር። ጨዋታው ተጀምሮ «ና!» ስል፣ ናቲ ከአሰልጣኛቸው ጎን ሆኖ «ሂ ኢዝ ካሚንግ!» ብሎ ጮኸ። ኳሷም ሄክተር ለቆት በመጣው ባዶ ቦታ ለሮጠ ልጃቸው ደርሳ ነጥብ ሆነች። ደግሜ ብጮህ ደግሞ አጋለጠኝ። ተዋርደን ስንወጣ ናቲ እየሳቀ «ሶሪ ብሮ፣ ጌም እኮ ነው» አለኝ። አባቴ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ወደ መኪናው አለፈ።

ናቲን ጠላሁት። ሰው እንዲህ መጥላት እንደምችል አላውቅም ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እናቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ቤተ ክርስቲያን ብትወስደኝም፣ ቅዳሴው መሃል ቆሜ የማስበው ናቲን ነበር፤ ናቲንና ያቺን እንቁላል። መላው የመጣልኝም እዚያው ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ናቲ ለይሉኝታ የተጠራ ሰው እንደማይመጣ አያውቅም።

ሄክተርን ለብቻው ጠርቼ፣ «ይምጡ» ካልኩህ የጨዋ ቤት እንግዳ ነህ፣ ተጠርተሃል ግን ንቅንቅ አትልም አልኩት። እንደገና ስንገጥም በሙሉ ድምፄ «ይምጡ!» ብዬ ጮኽኩ። ናቲ ፊቱ በርቶ «ሂ ኢዝ ካሚንግ!» አለ። ኳሷ ወደ ኋላችን ተወረወረች፤ ከቦታው ያልተነቃነቀው ሄክተር እንደ ራት ተቀብሏት እስከ ሜዳው ጫፍ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ። ሄክተር ትእዛዝ የሳተ መስሎት ነው መሰል፣ ናቲ በሁለተኛውም እንደዚያው ጮኸ፤ ሄክተርም እንደዚያው ቀለባት። ያን ጊዜ አሰልጣኛቸው ናቲን ማሊያውን ይዞ ወደ አግዳሚው ወረወረው። እኔም ከማዶ ሆኜ «ናቲ፣ እንብላ!» አልኩት። እንዴት እንደጣፈጠኝ! እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ይጣፍጠኛል።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። አባቴ በዚያ ቀን ሺፍቱን የሚይዝለት ሰው አጥቶ አልመጣም። የተዋረድኩበትን ቀን አይቶ፣ የተበቀልኩበትን ሳያይ ሞተ፤ ያኔ በወሬ ብነግረው ናቲ ለምን ቤታችን መምጣት እንደተወ ብቻ ነበር የጠየቀኝ።

የጎማው ሽታ ይህን ሁሉ እያመጣብኝ በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ የባልደረባዋ ባል ሕፃኑን ታቅፎ ከቤት ወጣ። ጢሙ ሸብቷል እንጂ ናቲ ነው። አየኝ። አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ እሱም አልረሳም። ከዚያ አባቴን «አንተ» እያለ ያደገው ልጅ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና፣ እንከን በሌለው አማርኛ «ይምጡ እንጂ፣ ይምጡ!» አለኝ።

ባለቤቴ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» ብላኝ ወደ ማዕዱ አለፈች።

እኔ ስጦታዬን እንደታቀፍኩ ባለሁበት ቆምኩ።