ለአገር ቤት የተቀመጠው መጋረጃ

ባለፈው እሁድ እናቴ ከአልጋዋ ስር አሮጌውን ሻንጣ አስወጣችኝ። ዚፑን ስከፍተው የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ወዲያው ልጅነቴ መጣብኝ።

ያኔም የምንኖረው እዚሁ በሰው አገር፣ ካሳራኒ በተከራየነው ቤት ነበር። እማዬ ለሱቋ ዕቃ ልታመጣ ዱባይ ሄዳ የተመለሰች ቀን፣ ከሻንጣው ስር ቀይ መጋረጃ አወጣች። ለሽያጭ አልነበረም። መስኮቱ ላይ ከፍ አድርጋ ስትይዘው የከሰዓቱ ፀሐይ አለፈበትና ቤቱ በሙሉ ቀላ፤ ሶፋው፣ የእህቴ ፊት፣ ሁሉም።

«ማሚ፣ ፕሊዝ እንስቀለው!»

«በሰው ቤት ግድግዳ ሚስማር አልመታም» አለችኝ። «ይሄ ለቤታችን ነው፤ አገራችን ስንገባ።»

አከራያችን ይቆጣል ማለቷ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በየእጥፋቱ ናፍታሊን እየጣለች መልሳ አጣጠፈችው። የእህቴ ልደትም፣ የእኔ ምርቃትም፣ የአባቴ ለቅሶም አሮጌ ጨርቅ በገመድ ባሰርንበት መስኮት ስር አለፉ።

«በይ ስቀይው» አለችኝ እሁድ ዕለት። ሚስማሩን መትቼ ስሰቅለው መጋረጃው እጥፋት እጥፋቱን ይዞ ተተረተረ። እማዬ ቀና ብላ ብዙ አየችው።

«ያኔ ሰቅለነው ቢሆን» አለች፣ «በወጉ ያረጅ ነበር።»