እንደ ሙሽራ የያዝናት ነጭ ኤሊ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ነጭ ኤሊ ነበረች ስል ሰው ሁሉ ኖራ የቀባናት ይመስለዋል። ማንም አልቀባትም። ከተፈጠረች ጀምሮ ቅርፊቷ የወተት ቀለም፣ ዓይኖቿ ቀይ ነበሩ። ጋሼ አብደላ የሚባሉ፣ ከሐረር አጠገብ ያለችው የሶፊ ገጠር ገበሬ ጫታቸውን ሲኮተኩቱ አገኟትና፣ እዚያው ብትቀር ጭልፊት ከሩቅ ያያታል ብለው በኮታቸው ኪስ ይዘዋት ጀጎል ገቡ። ያመጧት ለአከራያችን ለአይ ዘይነብ ነበር። «አይ» በሐረሪ እናት ማለት ነው፤ እኛ በአባቴ ሥራ ከጎጃም የመጣነውም እንደ ሰፈሩ ሰው እንዲሁ እንጠራቸው ነበር። አይ ዘይነብ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ጎንበስ ቀና ብለው ኤሊ ማሳደግ አልቻሉም። «አማና ነው፤ አደራሽን» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ በፊት ማንም ምንም አደራ ብሎኝ አያውቅም።

ግቢው ውስጥ ስናወጣት ዓይኗን ጭፍን ታደርጋለች። አይ ዘይነብ ይህን አይተው «ይቺማ ሙሽራ ናት፤ ፀሐይ አይንካት» አሉ። በእሳቸው ቤት፣ እንደ ሌላው የሐረሪ ቤት ሁሉ፣ ሙሽሮች ከሠርግ በኋላ የሚቆዩባት ኪርተት የምትባል ጠባብና ጨለም ያለች ክፍል ነበረች። ኤሊዋም እዚያ ገባች። አባቴ የባዮሎጂ መምህር ነበርና ይቃወማል ብዬ ስጠብቅ «ልክ ናቸው፤ የቆዳ ቀለም ስለሌላት ፀሐይ ያቃጥላታል» አለ። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች በዚህ ተስማሙ። የሙሽራ ነገር ደግሞ መጎብኘት ነው። ጎረቤት ሴቶች አንዷ ተምር፣ አንዷ በወተት የተነከረ ዳቦ፣ አንዷ ሙዝ ይዘው ይመጣሉ። እኔም በኩራት በሩን እከፍታለሁ።

ሦስት ወር ያህል እንደቆየች ቅርፊቷን ነካ ሳደርገው እንደ ትኩስ ዳቦ ሰረጎድ አለ። በበነጋታው ደግሞ ነካሁት፤ ብሶበታል። ዓይኖቿ አብጠው ምግብ ተወች። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር «ልጅቷ አልቻለችም» ተብሎ ኤሊዋ ወደ ሶፊ እንደምትመለስ ነው የታየኝ። ጋሼ አብደላ በየሳምንቱ ጫት ይዘው ሲመጡ «ልጄ፣ ኤሊዋ ደህና ናት?» ይሉኛል፤ እኔም «ተኝታለች» እላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኝታለች አልኳቸው።

በአራተኛው ሳምንት ሳቁ። «አቦ፣ ይሄ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው?» ብለው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ከኪርተት አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧትና ሳቃቸው ጠፋ።

«ያ ረቢ! ማነው ያሰራት?»

«ፀሐይ ትፈራለች» አልኩ።

«ትፍራ! ብትፈራም ኤሊ ናት። ጥዋት ፀሐዩ ሳይበረታ አውጫት፣ ሲበረታ ጥላ ሥር አድርጊያት። ተምር ማን ስጧት አላችሁ? ሣር ናት የምትበላው፤ የበለስ ቅጠልም እሾሁን ልጠሽ ስጫት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መቼ ነው ያመማት?» አሉኝ። ያኔ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አይ ዘይነብም በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ማንም አልመታኝም፤ ማንም አልወሰዳትም። አይ ዘይነብ ግን ያን ቀን አላናገሩኝም፤ ዱላ ቢሆን እረሳው ነበር፤ እሱን ግን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ጥዋት ጥዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አወጣታለሁ። በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆያታለሁ። ሐኪም ከሚባለው ተራራ በኩል ሣር አጭዳለሁ። አባቴም መሸነፉን ሳይናገር የእንቁላል ቅርፊት እየወቀጠ ምግቧ ላይ ይነሰንስላት ጀመር። ዓይኗ በሁለት ሳምንት ተከፈተ፤ ቅርፊቷ እስኪጠነክር ግን ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። በዓመቱ አባቴ ሲዛወር ለአይ ዘይነብ መልሻት ሄድን።

ዘንድሮ ለሥራ ሐረር ሄጄ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ በእግሬ ወርጄ ያንን ግቢ አንኳኳሁ። አሥር ዓመት የማይሞላት የአይ ዘይነብ የልጅ ልጅ ከፈተችልኝ። ኤሊዋ በጥዋት ፀሐይ ላይ ተዘርግታለች፤ ትሪ ታክላለች፤ አሁንም ነጭ ናት። በእኛ ጊዜ በሞቷ አፋፍ የተማርነውን ይቺ ልጅ በቃሏ ይዛዋለች።

«ተምር አይሰጣትም» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ፀሐይም ጥዋት ብቻ ነው። ድሮ አንዲት የአስተማሪ ልጅ ኤሊዋ ታማ እያየች ደብቃ፣ ልትገድላት ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

«አያቴ፣ አላህ ይርሃማቸው። ኤሊዋን ለሚጠብቅ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚነግሩት ይሄንን ነበር።»

አመመኝ፤ ግን እውነት ነበር።

«ያቺ ልጅ እኔ ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ኤሊዋን በሁለት እጇ ይዛ ከአጠገቤ ሳብ አደረገቻት።