የጎመን ክኒን

ስኳር ላይ የልብ ሕመም የተጨመረበት ሹፌሩ ሙክታር፣ የሚውጠውን ሁሉ ይዞ እንዲመጣ ስለተነገረው፣ ፒዮሪያ ስትሪት የሚባለው ጎዳና ላይ ያለው ክሊኒክ ገብቶ አንድ ፌስታል ሙሉ ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ነርሷ ኢህሳን እያነሳች አነበበች፦ የነጭ ሽንኩርት ክኒን፣ የተልባ ክኒን፣ የጎመን ክኒን።

«ጋሼ ሙክታር፣ ይሄ ሁሉ እኮ ምግብ ነው! እቤትዎ የለም?»

«ሞልቷል። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ጎመኑን በምሳ ዕቃ ሞልታ ትሰጠኛለች።»

«ታዲያ ለምን አይበሉትም?»

ከንጋት ጀምሮ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የዋለው ሙክታር ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ምሳ ዕቃው ሳይከፈት መኪናው ውስጥ ነው፤ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት በስቲያው።

«ልጄ፣ ክኒን እየነዱ ይዋጣል» አላት። «ጎመን ግን መኪናህን አቁም ይላል።»