የጓሮውን መብራት ማን ዘረጋው?

የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ታውቂዋለሽ? ላስቲክና ፀጉር አንድ ላይ የተለበለቡ ይመስላል፤ ጉሮሮ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት የወጥ ቤቴ ሶኬት እንዲያ ሸተተኝና የመብራት ሠራተኛ አስጠራሁ። አንድ ወጣት መጣ። በትሕትና እጅ ነሣኝና፣ "እማማ፣ አባወራው የሉም? ስለ መስመሩ የሚያስረዳኝ ሰው ነበር የፈለግሁት" አለኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ንድድ አልኩ። የተናደድኩት በእሱ አልነበረም፤ ከሞተ ስንት ዘመን ባለፈው በአባቴ ነበር።

አባታችንን አንቱ እያልን ነው ያደግነው። ይህን ነገር ሳወራ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ይለኛል፤ ታገሺኝ።

ቤታችን ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ነበር። አባቴ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተመዘነ፣ ሰፈሩ "ሁሉን አዋቂ" የሚለው ሰው። እናቴ ልብስ ትሰፋለች። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችው ጓሯችን ውስጥ በተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ክፍሏ መስኮት የላትም። በበጋ በሩን ከፍታ ትሰፋለች። ክረምት ሲመጣ ግን መኪናዋን ደጃፉ ላይ አስጠግታ፣ ግማሽ ጎኗን ዝናብ እየመታው ትቀመጣለች። የዚያን ዓመት ለመስከረም የሚደርስ የተማሪዎች ልብስ ተቀብላ ስለነበር ቀኑን ሙሉ አትነሣም። ዓይኗ ደክሟል። መርፌው ጣቷን ሲወጋት፣ ደሙ ጨርቁን እንዳይነካባት ጣቷን አፏ ውስጥ ስትከት አይ ነበር።

አባቴ "መብራቱን እኔው እዘረጋዋለሁ" ብሎ ተነሣ። ሽቦና ማብሪያ ገዝቶ መጣና አንድ ቅዳሜ ወንበር ላይ ወጣ። እኛን በር ላይ አሰልፎ እያብራራ ሲያስር ሁለት ሽቦዎች ተነካኩና ጧ! አለ። የቤቱ መብራት በሙሉ ጠፋ፤ ያ ሽታ ጓሮውን ሞላው። አባቴ ከወንበሩ ወድቆ አውራ ጣቱ ጠቁሯል። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና "ሽቦው የማይረባ ነው" አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይነካው አዘዘ።

እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የፊዚክስ አስተማሪያችን በባትሪና በትንሽ አምፖል ኮረንቲ እንዴት ዞሮ እንደሚመለስ ካሳየን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አይታየኝም ነበር። በዚያ ክረምት አባቴ ቢሮ ሲውል የቤቱን ዋና ማጥፊያ እያጠፋሁ የእሱን ቋጠሮ ሁሉ ፈታሁና ከመጀመሪያው ዘረጋሁት። ሽቦውን በማገሩ ልክ ወጥሬ ቸነከርኩት፤ መጋጠሚያውን ጠቀለልኩ፤ ማብሪያውን እናቴ ተቀምጣ እጇ የሚደርስበት ቦታ ላይ አደረግሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አይቻልም ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅልኛለች። ዝናቡ ጋብ ሲል ብቻ "እንዳትሞቺብኝ እንጂ" ትለኛለች።

አባቴ ያየው ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። "ማን ነካው?" አለ። "እኔ" አልኩ። በትር ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ሽቦውን በጣቱ ተከትሎ እስከ ማብሪያው ሄደና ቆመ። "ለማንም እንዳትናገሪ" ብሎ ወጣ። ከሰው አፍ ሊጠብቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት በአጥሩ በኩል ለጎረቤታችን ለጡረተኛው ሻምበል ሲያወራ ሰማሁት። "ጓሮዋን እኮ መብራት ዘረጋሁላት" ይላል፤ "እጅ ካለ ምን ያቅታል!"

የመብራት መሥሪያ ቤቱ አዲሱን መስመር የሚያገናኘው ፈቃድ ያለው ባለሙያ አይቶ፣ የጎደለውን ሞልቶ ሲፈርምበት ነው። አባቴ ከፈረስ መጋላ አደባባይ አንድ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ ሙስሊም ሰው ናቸው፤ የቆዳ ቦርሳቸው ከካቻቢቴና ከፒንሳው ክብደት የተነሣ ትከሻቸውን አዘንብሎታል። "ሥራው የራሴ ነው፤ እርስዎ ፊርማዎን ብቻ ያኑሩልኝ" አላቸው አባቴ።

"ኢንሻአላህ፤ መጀመሪያ ልየው" አሉ።

ብዙ ቆዩ። አንዱንም ሳይነኩ አላለፉም። ወደ ውጭ ወጥተው ሽቦው ወደ ክፍሏ የሚገባበትን ቦታ ተመለከቱና አባቴን "ከመግባቱ በፊት እዚህ ጋ ጎንበስ ያደረጉት ለምንድን ነው?" አሉት።

"ሽቦው ተርፎኝ ነው።"

እሳቸው እኔን አዩኝ። አፌ ሳላውቀው ተከፍቶ ነበር መሰለኝ። "አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?"

"ዝናቡ እዚያ ጋ እንዲንጠባጠብ ነው" አልኩ። "አለዚያ ሽቦውን ተከትሎ ይገባል።"

"ማሻአላህ" አሉ በቀስታ። ከዚያ በኋላ አባቴን አንድም ጥያቄ አልጠየቁትም።

ግን ስሕተት አገኙብኝ። ወደ ግድግዳው ጠርተው ቆርቆሮውን በጥፍራቸው አንኳኩ። "ይህ ብረት ነው። አንድ ቀን ሽቦው ቢላጥ ግድግዳው ራሱ ኮረንቲ ይይዛል። እናትሽ ጀርባዋን ታስደግፋለች።" እናቴን አየኋት፤ እንደ ልማዷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር።  እሳቸው አልተቆጡኝም። ቴራ የሚሉትን፣ ኮረንቲውን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ አወጡና ሽቦው የሚታሰርበት የብረት ዘንግ የሚቀበርበትን ጉድጓድ አብረን ቆፈርን። እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደሚያደርጉት እየነገሩኝ ጨረሱ። እንደ ሰው የተነገረኝ ያን ቀን ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል።

ከዚያ ወረቀቱ ወጣ። ሠራተኛው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው "የዘረጋው ሰው ስም ማን ልበል?" አሉ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

"የኔን ነዋ!" አለ አባቴ። "ቤቱ የማን ነው?"

"የቤቱን ባለቤት አልጠየቅሁም። የዘረጋውን ነው የጠየቅሁት።"

አባቴ ተነሣ።  እናቴ ከኋላዬ የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አደረገችው፤ አንዴ ብቻ። ያቺ ስበት እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አለች። "አባቴ ነው የዘረጋው" አልኩ። ሠራተኛው ዓይናቸውን ከእኔ ነቅለው ወደ ወረቀቱ አጎነበሱ። ከዚያ ጻፉ፤ ፈረሙ።

ሲወጡ በር ላይ ጠብቀውኝ፣ "ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ አንዳቸውም ይህን ነገር አይወዱም። ከትምህርት በኋላ ሱቄ እየመጣሽ ተማሪ። አባትሽን እኔ አናግራለሁ" አሉኝ። እሑድ መጡ፤ ሙዝ ይዘው ነበር። አባቴ ከደጃፉ አላሳለፋቸውም። "ልጄ መሰላል ላይ ወጥታ ቀሚሷን መንገደኛ እንዲያየው ነው?" ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እሳቸው "አስተግፊሩላህ" ብለው ሙዙን የበሩ ደፍ ላይ አኖሩና ሄዱ። ወረቀቷ ላይ ስሜን መቀማቱን ልረሳለት እችል ነበር። ያን ደግ ሰው እንደ ባለጌ መመለሱን ግን አሁንም ልረሳለት አልቻልኩም።

ሳምንት ሳይሞላ ሻምበሉ መጣ። "የእህል ማስቀመጫ ክፍሌን መብራት ዘርጋልኝ እንጂ! አንተ እያለህ ሰው ልቀጥር ነው?" አባቴ "ምን ገዶኝ" አለ። ማታ እራት ሳይቀርብ እናቴ ጋ የልብስ ቁልፍ ወደምተክልበት ወደ ጓሮ መጣ። አምፖሏን ቀና ብሎ አያት።

"ያቺ ማብሪያዋ... ሽቦዋ በየት በኩል ነበር የምትገባው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አልኩ። "የዘረጉት እርስዎ ነዎት።"

እጁ ተነሣ። እናቴ መኪናዋን አቁማ ከወንበሯ ብድግ አለች።  እጁ ወረደ።

"ለሻምበሉ እኔ እንደሠራሁት ይንገሩትና ሁሉንም አሳይዎታለሁ" አልኩት። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

በማግስቱ አባቴ "ወገቤን" ብሎ ተኛ። አንድ ሳምንት ሙሉ! ቢሮ ቀረ። ጎረቤት ዳቦና አጥሚት ይዞ ጠየቀው፤ ሻምበሉ ራሱ ትራሱን አስተካከለለት። እኔ ሾርባ ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ልብ በይ፤ አንዲት ቃል ከመናገር ሳምንት መተኛትን መረጠ። በመጨረሻ ሻምበሉ እኚያኑ ሠራተኛ ቀጠረ። በአጥሩ በኩል አይተውኝ እጃቸውን አነሡልኝ። አፍሬ ቤት ገባሁ።

መስከረም ላይ አባቴ የጽሕፈት መኪና ትምህርት አስገባኝ። ጸሐፊ ሆንኩ፤ የሌሎችን ቃል ስመታ ዕድሜዬ አለቀ። አባቴ የሞተው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በሽታው ረጅም ነበር፤ እኔው አስታመምኩት። አንድ ቀን የዘረጋሁት እኔ መሆኔን ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት ጊዜ እጄን ያዘ፤ ሁለቱንም ጊዜ ውሃ ነበር የፈለገው።

ለቅሶው ላይ ግቢው ሞልቶ ሳለ ሻምበሉ ተነሥቶ የአባቴን ሙያ ዘረዘረ። "ይህችን የጓሮ መብራት እንኳ በገዛ እጁ የዘረጋ ሰው ነበር!" ሲል እናቴ ልቅሶዋን ድንገት አቆመች።

"እሱ አይደለም" አለች። "እሷ ናት የዘረጋችው። ልጄ ናት።"

 ሴቶቹ ከበቧት። "ውይ፣ ሐዘኑ አዞራት።" "አፈር ስሆንልሽ፣ ውሃ ቅመሺ።" አንዷ ነጠላዋን ታስተካክልላታለች፤ አንዷ በእጇ ታራግብላታለች። ሻምበሉ ራሱን እየነቀነቀ ተቀመጠ። አንድም ያመናት ሰው አልነበረም። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር፤ የሟች አልጋ ገና ሳይነሣ ምን እላለሁ? ጥርሴን ነክሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እናቴ ውሃውን በእጇ ገፋ አደረገችና ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ሰማሽ አይደል?" አለችኝ። "አልኩላቸው።"