አዳማ የሌለችበት ካርታ

ደሊል አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የጅቡቲን መንገድ ተመላልሶበታል። ተሳቢውን ከወደብ ጭኖ ይመጣል፣ ሞጆ ያራግፋል፣ አዳማ ቤቱ አንድ ሁለት ቀን ያርፍና ተመልሶ ይወጣል። ባለቤቱ ሳፊያ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ናት፤ ልጃቸው ዋፊቃ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤት ሲገባ ምሳው ቀርቦ ይጠብቀዋል፤ በልቶ ይተኛል፤ ሲነቃ ስልኩ ይጠራል። ትዳራቸው እንዲህ ሆኖ ያለ ጠብ ኖሯል። ሰዎች ስለ ሳፊያ ሲጠይቁት «ደኅና ናት» ይላል፤ ከዚያ በላይ የሚለው እንደሌለው ልብ ብሎ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከመተሐራ ወዲያ የፊት ጎማው ፈነዳና ተሳቢው ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ተኛ። ረዳቱ በጥቂት ጭረት ተረፈ። የደሊል የጀርባ አጥንት ግን ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ አራት ወር ጠንካራ ፍራሽ ላይ እንዲተኛ፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንዲራመድ ነገረው። መቼ እንደሚነዳ ሲጠይቀው «መጀመሪያ እንቁም» ብሎ አለፈው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጠያቂ አልጠፋም። ከዚያ ሰው እየቀነሰ ሄደ። ሳፊያ ጠዋት ወደ ሥራ፣ ዋፊቃ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እሱ ሳሎን ተዘርግቶ የባጃጅ ድምፅ ይቆጥራል። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ መስኮቱ ለምን ተከፈተ፣ ቴሌቪዥኑ ለምን ጮኸ እያለ መነጫነጭ አመጣ። ፖስታ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግነው የሳፊያ ወንድም ዛኪር ይህን አይቶ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አመጣለትና ጨዋታ ጫነበት።

ጨዋታው አገር የመመሥረት ነው። ከአንድ መንደር ተነስቶ ከተማ ይቆረቆራል፣ መንገድ ይቀየሳል፣ ከጎረቤት ጋር ይነገዳል ወይም ይዋጋል። ዘመኑ በተራ በተራ ያልፋል። በየዘመኑም ድንቅ ሥራዎች አሉ፦ ፒራሚድ፣ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት፣ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ፣ ከዓለት የተፈለፈለ የበረሃ ከተማ። እያንዳንዱን ድንቅ በዓለም ላይ አንድ አገር ብቻ ነው መሥራት የሚችለው። ሌላው ከቀደመ የተለፋበት ሁሉ መና ይቀራል።

የደሊል እንግሊዝኛ የወደብ እንግሊዝኛ ነበር፤ የጭነት ወረቀት ለማንበብ ይበቃዋል እንጂ ይህን አይችልም። ስለዚህ ሳፊያ ከሰዓት ስትመለስ የፈተና ወረቀቷን ይዛ አጠገቡ ትቀመጥና የተጻፈውን ታነብለታለች። መጀመሪያ ማንበብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን በሦስት ከተማ ሦስት ድንቅ በአንዴ ጀምሮ፣ ሦስቱንም ሌሎች አገሮች ቀድመው ጨረሱበት። ላፕቶፑን ሊዘጋው ሲል እጁን ያዘችው።

«የቱ ነበር የሚያስፈልግህ?» አለችው።

«ሁሉም ጥሩ ናቸው።»

«ሁሉም ጥሩ መሆናቸውንማ አውቃለሁ። እኔ የጠየቅኩህ የሚያስፈልግህን ነው።»

እንደገና ሲጀምሩ እያንዳንዱን ድንቅ አንድ በአንድ አነበበችለት። የመብራት ማማው ባሕር ለሌለው አገር ምን ይሠራል? ፒራሚዱስ አሁን ነው ወይስ ኋላ? ደሊል አገሩን ደረቅ ምድር ላይ ስለዘረጋ ከዓለት የሚፈለፈለውን የበረሃ ከተማ መረጡ። ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን ብቻ ሠራ፤ ተሳካለትም። በአሸዋው ላይ እህልና ንግድ ሲበዛ እያየ ካደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

ሳፊያ ያን ቀን ካርታውን ትክ ብላ ስታይ ቆየች። ለከተሞቹ ስም ያወጣው እሱ ነው፦ ሞጆ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። በአንድ መስመር ተደርድረዋል።

«አዳማ የለችም?» አለችው።

ደሊል ካርታውን አየ። በሞጆና በመተሐራ መካከል ባዶ ሜዳ ነው። እሷም ጉዳዩን አላከረረችውም፤ ወረቀቷን አንስታ ማረሟን ቀጠለች።

በማግስቱ እዚያ ሜዳ ላይ ከተማ ቆረቆረና አስተዳድሪያት ብሎ ለሳፊያ ሰጣት። ሳፊያ ጎተራ ሠራች፣ ውሃ አስገባች፣ ትምህርት ቤት ከፈተች። ደሊል አንድ ትልቅ ነገር ካልጀመርሽ እያለ ይጨቀጭቃታል። እሷ ቤታቸው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ሮቶውን ጣሪያ ላይ ለማስወጣት ስንት ሰው እንደለመነች፣ ዋፊቃን ከሩቁ ትምህርት ቤት ወደ ቅርቡ ለማዛወር ስንቴ እንደተመላለሰች እየሳቀች አወራችለት። ደሊል ሮቶውን ሁሌ ያየዋል። ማን እንዳወጣው ግን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

በመጨረሻ ሳፊያ ተንጠልጣዩን የአትክልት ስፍራ መረጠች፤ የከተማውን ሕዝብ ያበዛል ተብሎ ነው። ሃያ ሁለት ተራ ይፈጃል። ደሊል ዕድሜውን በጭነት ያሳለፈ ሰው ነውና ከሞጆም ከመተሐራም የንግድ ቅፍለት እየላከ ሥራውን አፋጠነላት። ሁለት ተራ ሲቀር ሌላ አገር ቀደማት። ከእሷ ይልቅ እሱ ተናደደ።

«ይሄን ያህል ለፍተሽበት! አያበሳጭሽም?»

«ያበሳጫል እንጂ» አለች። «ግን ለምጄዋለሁ።»

ስለ ጨዋታው የምታወራ መሰለው። ዓይኗን ከካርታው ስታነሳ ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቃት። ሳፊያ የእስክሪብቶዋን ክዳን እየከፈተች እየዘጋች ነገረችው። ለሁለተኛ ዲግሪ፣ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር፣ ሁለት ጊዜ የመግቢያ ፈተና አልፋ ነበር። መጀመሪያ ዋፊቃ ሁለት ዓመቷ ነበርና ታመመችባት። ሁለተኛው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ተመዝግባ አንድ ወር ተምራለች። ልጅቷን ቅዳሜና እሁድ የሚይዝላት ሰው ስታጣ ተወችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሚሌ ነበርክ። ኔትወርክ ስታገኝ የምታወራኝ ስለ ጉምሩክ ወረፋ ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው ላይ ሐሳብ መጨመር አልፈለግኩም።»

ወቀሳ አልነበረበትም፤ የሆነውን ነው የነገረችው። ብትቆጣው ኖሮ ለደሊል ይቀለው ነበር። ያን ቀን ሌላ ተራ አልተጫወቱም።

የካቲት ላይ ወገቡን በቀበቶ አስሮ መራመድ ጀመረ። የመንገድ ጓደኛው ሆራ ሊጠይቀው መጣ። በኦሮምኛ አካም ጂርታ ተባብለው ከተቀመጡ በኋላ ሆራ የምሥራች አለኝ አለ፤ የመኪናው ባለቤት አዲስ ተሳቢ አስመጥቷል፣ መቀመጫው ወገብ አይጎዳም፣ ቁልፉም ለደሊል ተቀምጧል። ሳፊያ ጭማቂ አቅርባ ወደ ጓዳ ገባች።

ደሊል ብርጭቆውን ሳይነካው ቆየ። አዲስ ተሳቢ ሲመኝ ስንት ዓመቱ ነው። ጎህ ሲቀድ አዋሽን መሻገር፣ ነፋሱ፣ የሾፌሮቹ ጨዋታ፣ ሁሉም በዓይኑ ላይ መጣ።

«ለሌላ ሰው ስጡት» አለ።

«ወገብህ ገና ነው?»

«ወገቤም አለ። ቢድንም ግን ቅዳሜና እሁድ እዚህ ነው የምፈለገው።»

ሆራ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ የደሊልን ፊት አይቶ ነገሩን ተወው፤ እሱም የሦስት ልጆች አባት ነው። ሲወጣ ደጃፉ ላይ የደሊልን ትከሻ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ተሰናበተው።

ደሊል በግንቦት የጭነት መኪኖች ማኅበር ስምሪት ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘ። ማን መቼ ወጥቶ የት እንደሚጭን የሚመድበው እሱ ነው። ገቢው እንደ ድሮው አይደለም፤ መንገዱም ይናፍቀዋል፣ ይህን ከሳፊያ አልደበቀም። የጨዋታው አገራቸው በመጨረሻ ሦስተኛ ወጣች፤ ላፕቶፑን ለዛኪር መለሱለት። ሳፊያ መስከረም ላይ እንደገና ተመዘገበች።

ሳፊያ ትምህርቷን በጀመረችበት ቅዳሜ በዋፊቃ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ደሊል ሄደ። ክፍሉ ውስጥ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ሰብለወንጌል ስም እየጠሩ እሱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ የማን ወላጅ ነዎት?»

«የዋፊቃ አባት ነኝ።»

መምህርቷ መዝገቡን ገለጡ። ከዋፊቃ ስም ጎን ያለው ስልክ የሳፊያ ብቻ ነው። የእርስዎንም ልጻፈው አሉት። ደሊል ቁጥሩን ቀስ ብሎ ነገራቸው፤ እሳቸውም ደግመው አነበቡለት። ከዚያ ለልጆች በተሠራው ጠባብ ዴስክ ላይ እንደምንም ተቀምጦ እግሩን ወደ መተላለፊያው ዘረጋና ማዳመጥ ጀመረ።